ወደ ቆላ የወረደ ሙያ

የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር፣ የሞላውን መምጠጥ፣ የተደፈነ ቱቦ መክፈትና የጎርፍ መውረጃ ቦይ መጥረግ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ የማይሠራ አንድ ሙያ ቢሆንም፣ ሙያው በአማርኛ እስከ አሁን የረጋ ስም አላገኘም። ተገልጋዩ መኪናውን «መጣጭ»፣ ሥራውን «ፍሳሽ ማንሳት» ብሎ ያልፋል፤ ሠራተኛውን የሚጠራበት የክብር ስም ግን የለውም። ስም ያላገኘ ነገር በትዝታም ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲታወስ ቀድመው የሚነሡት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ውጊያ ቆስለው የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲሆኑ፣ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ የተባለችውም በእርሳቸው ስም ነው። ቀጥሎ የእንግሊዝ ጦር መተማንና ከድንበሩ ማዶ ያለችውን የሱዳኗን ገላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የከፈተው ውጊያ፣ ከዚያም ሰሊጡ፣ ጥጡና የድንበር ገበያው ይነሣሉ። ያ ሁሉ ወታደር፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ የት ይጸዳዳ እንደነበር፣ ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረና ሲሞላ ማን እንዳነሣው ግን ከታሪኩ ጋር አብሮ ሲተረክ አይሰማም።

ሙያው በዚህ ምድር ላይ የያዘውን መልክ ለመረዳት ከአፈሩ መጀመር ግድ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ እስከ ድንበሩ የሚዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ዋልካ ማለት ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ የሚሰነጠቅ ጥቁር ጭቃማ አፈር ማለት ነው። በሚያዝያ ወር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረበት መሬት በሐምሌ ጫማ የሚያስቀር፣ መኪና የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። ለማሽላና ለሰሊጥ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ለጉድጓድ ጠላት ነው፤ ክረምት ሲገባ ያበጠው አፈር የጉድጓዱን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ በጋ ሲሆን ግድግዳው እየተሸራረፈ ይወርዳል፣ ስለዚህም በደጋው ጠንካራ አፈር ላይ ያለ ግንብ ለዓመታት የሚቆም ጉድጓድ በዋልካ ላይ ብዙ ክረምት ሳይሻገር ይደረመሳል። ሌላም ችግር አለ። የሴፕቲክ ታንክ አሠራር በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው ጠጣሩ ወደ ታች ዘቅጦ ቅባቱ ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት የታሸገ ገንዳ፣ ሁለተኛው ከመካከል የሚወጣው ቀጭን ፍሳሽ ወደ መሬት የሚገባበት ማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ያበጠ ዋልካ ግን ውሃ አያሰርግም። ማስረጊያው አልሠራ ሲል ታንኩ በወራት ውስጥ ይሞላል፣ ባለቤቱም ታንኩ ትንሽ የሆነበት ይመስለዋል። በዚህ አገር የፍሳሽ ባለሙያ የመጀመሪያ ዕውቀቱ ይህን የተሳሳተ ግምት ማረም ነው፤ ጥፋቱ ከታንኩ ሳይሆን ከአፈሩ መሆኑን ለደንበኛ ማስረዳት ቱቦ ከመክፈት ይልቅ ይከብዳል።

የሥራውን ስፋት ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው የመጸዳጃ መመሪያ መሠረት፣ በጉድጓድ ውስጥ በአንድ ሰው በዓመት የሚጠራቀመው ዝቃጭ ከ40 እስከ 60 ሊትር ይገመታል፤ ዝቃጭ ማለት ውሃው ተለይቶ ከታች የሚቀረው ወፍራም ቆሻሻ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በ50 ሊትር ሲሰላ በዓመት 300 ሊትር ስለሚያጠራቅም፣ 3 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ አሥር ዓመት ይቆይለታል። በአንጻሩ 40 ሰው የሚገለገልበት የመኝታ ቤት ግቢ በዓመት 2 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ያው ጉድጓድ በዓመት ተኩል ይሞላል ማለት ነው። የቆላው ከተሞች ደግሞ እንግዳ የሚያድርባቸው ከተሞች ናቸው። ሰሊጥ በሚታረምበት ክረምትና በሚታጨድበት መስከረምና ጥቅምት ከደጋው በሺዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳሉ፣ የሰፈራ መርሐ ግብር በተካሄደባቸው በ1990ዎቹ አጋማሽም ብዙ ቤተሰብ ከደጋ ወርዶ በመተማና በቋራ ጎጆ ቀልሷል። የጉድጓዱ ቁጥር ከሰው ቁጥር ጋር እኩል አልተራመደም፤ የፍሳሽ ሥራ እንጀራ የሆነውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ዕውቀቱ ከየት ወረደ ለሚለው ጥያቄ ወደ ጎንደር ከተማ ማየት ያስፈልጋል። በ1946 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ኮሌጁ ሐኪም ማውጣትን አልመረጠም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ አሠለጠነ። ሳኒቴሪያን የሚባለው ባለሙያ ሥራው ውሃን፣ መጸዳጃን፣ ቆሻሻንና የወባ ትንኝ የምትራባበትን ረግረግ መከታተል ሲሆን፣ መድኃኒት ከሚሰጠው ባልደረባው ይልቅ አካፋ ከያዘው የመንደር ሰው ጋር ይውል ነበር። በኢትዮጵያ የጤና ታሪክ ውስጥ የጤና መኮንኖች ስም ደምቆ ሲነሣ የሳኒቴሪያኖቹ ስም መደብዘዙ ሊያስቆጭ ይገባል፤ ጉድጓድን በልክ መቆፈር እንደ ትምህርት ቆጥረው ለገበሬና ለግንበኛ ያስተማሩ በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች እነርሱ ናቸውና።

ያስተማሩት ነገር ሲመረመር በአብዛኛው ክልከላ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ሳይርቅ አይቆፈርም፤ የጉድጓዱ ወለልና የከርሰ ምድር ውሃው መቀራረብ የለባቸውም፤ አፉ ክፍት ሆኖ አይተውም፤ ጎርፍ በሚወርድበት አቅጣጫ አይቀመጥም። በዋልካ ላይ ደግሞ የ30 ሜትሩ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ በጋ የከፈተው ስንጥቅ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ፍሳሹን እንደ ቱቦ ሊያሻግረው ይችላልና፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ያልታነጸ ጉድጓድ ምንም ቢርቅ አስተማማኝ አይሆንም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ ወደ ሳኒቴሪያን፣ ከሳኒቴሪያን ወደ ግንበኛ፣ ከግንበኛ ወደ ልጁ እየተላለፈ ሲሄድ በየእርከኑ የቦታውን ጠባይ ይጨምራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው ሲመድብ፣ ይህ የአማካሪነት ሰንሰለት ከወንዶች እጅ ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ የሚወስነው አባወራው ቢሆንም ሽታውንና ዝንቡን ቀኑን ሙሉ የምትችለው እማወራዋ ናት፣ ምክሩም ለእርሷ ሲነገር ፍሬ አፈራ።

ሙያው በቤተሰብ እጅ የቀረበት ምክንያት አንዱ ንቀት ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በጥበባቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የልማዱን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ሰውን ከስድብ ለማዳን ተነገረ እንጂ ልማዱን በአንድ ጀምበር አልነቀለም። ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው በዚህ የንቀት መሰላል ታችኛው እርከን ላይ ስለሚቀመጥ፣ ቅጥር ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል፤ የተገኘውም ሥራውን ከዘመዱ ደብቆ ይሠራል። ልጅ፣ ወንድምና የእህት ልጅ ግን ይቆማሉ። ንቀቱ ያመጣው ይህ አስገዳጅ ቅርበት ሳይታሰብ አንድ ጥቅም ሰጥቷል፤ አደገኛ ሥራ የሚሠራ ሰው ከጉድጓድ አፍ ላይ የሚጠብቀው የሥጋ ዘመዱ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል።

ቤተሰብ ወደ ድርጅት የሚያድግበት መንገድ በሕግም ተቀርጿል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ባላነሱ አባላት እንዲቋቋም ያዝዝ ስለነበር፣ በመላ አገሪቱ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች በባልና ሚስት ወይም በአባትና ልጅ ስም ተመዘገቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር ማቋቋም የቻለው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ ሕግ ነው። ገንዘቡ ግን ከሕጉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። ለጀማሪው ቅርብ የነበሩት ዕቁብና የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ እያለ የሚጠራው የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ናቸው። በቡድን ዋስትና የሚሰጥ አነስተኛ ብድር አካፋ፣ ጋሪ፣ ቦቲ ጫማ፣ ጓንትና በእጅ የሚገፋ የቱቦ መክፈቻ ሽቦ ይገዛል፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ የተጫነበት መጣጭ መኪና ግን አይገዛም። በዚህ መካከል ያለው ርቀት ነው ብዙ ቤተሰብን በጀመረበት ያስቀረው። ርቀቱን የተሻገሩት ብዙውን ጊዜ በመኪና ፈንታ በደንበኛ የጀመሩ ናቸው፤ ሆቴሉን፣ ትምህርት ቤቱንና የእህል መጋዘኑን በዓመት ውል ይዘው፣ መኪናውን ከጎንደር በኪራይ አስመጥተው፣ በአንድ ምልልስ የብዙ ግቢ ሥራ እየጨረሱ። ጎንደርና መተማ በ200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ቢገናኙም፣ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ መኪና ማውረድ ከስሮ መመለስ ነው፤ ደንበኞችን አሰባስቦ ቀን መቁረጥ የዚህ ንግድ ዋና ጥበብ ሆኖ የቆየውም ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለምም የዚህ ንግድ ጅማሬ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የአይዋ ግዛት ነዋሪ የነበረው ሳሙኤል ብላንክ፣ የልጁ ቤት ቱቦ በዛፍ ሥር ሲደፈን የልብስ ማጠቢያ ሞተር፣ የመንሸራተቻ ጫማ ጎማና የብረት ገመድ አገጣጥሞ ሥሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ፤ «ሮቶ ሩተር» የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ዘመኑ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት ሲሆን ሰውየው መሣሪያውን በ250 ዶላር ለሌሎች እየሸጠ ሥራ የፈቱ ሰዎች በየከተማቸው የራሳቸውን ንግድ እንዲከፍቱ አደረገ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማሽኑ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው፣ የሙያው ባለቤት ዕውቀቱን ከጓዳው አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ማስተላለፉ ነው። በእኛ አገር ባለሙያ ጥበቡን የሚሸሽግበት ልማድ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህም ለባዕድ ልጅ ሳይሰስት ያስተማረ የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ የመጣጭ መኪና ባለሙያ ሲገኝ ውለታው በሁለት ትውልድ አይረሳም።

እንዲህ ያሉት ታላላቆች ለቆላው ሰው ካስተላለፉት ውስጥ ስለ ፓምፕ የሚነገረው ለብቻው መታየት አለበት። መጣጭ መኪና በእርግጥ አይስብም፤ ፓምፑ ከገንዳው ውስጥ አየሩን ሲያስወጣ፣ ከውጭ ያለው የአየር ክብደት ፍሳሹን በጎማው ቱቦ በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር የመጨረሻው ልክ 8 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ 700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መተማ ዮሐንስ 9 ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ በተግባር ሁለቱም ከዚህ ብዙ ያነሱ ናቸው፣ ልዩነቱ ግን እንዳለ ነው። በደጋ «እምቢ» ያለ መኪና ቆላ ሲወርድ ይታዘዛል። የመኪናው ጉልበት ሳይለወጥ ሥራው መቅለሉ ለወጣት ረዳት ተአምር ሲመስለው፣ ታላቁ ባለሙያ ምክንያቱን ገልጾ ወዲያው ማስጠንቀቂያውን ያስከትላል፤ ቱቦው ጠልቆ ስለ ደረሰ ታች ያለውን ወፍራም ዝቃጭ ሁሉ ማንሳት ይቻላል ማለት አይደለም፣ ውሃ ተጨምሮ ሳይቀጥን ከተጎተተ ጎማው ይደፈናል፣ ያልታነጸ ጉድጓድም በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን የዋልካው ግፊት ግድግዳውን ያፈርሰዋል።

ከሁሉ የከበደው ክልከላ ወደ ጉድጓድ አለመግባት ነው። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ የሚበሰብስ ቆሻሻ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ሽታው በጥቂቱ ሲሆን አፍንጫን ያስጠነቅቃል፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ሕዋስን ያደነዝዘውና ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፣ ከዚያ እጅግ ሲበዛ በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። በቆላው ሙቀት መበስበሱ ስለሚፈጥን ጋዙም ይበዛል። በየአገሩ በዚህ ሥራ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ነው፤ የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ አባት ይከተላል። የቤተሰብ ሥራ መሆኑ ጥንቃቄን ይጨምራል የተባለው እዚህ ላይ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ወንድሙን እያየ ከላይ የሚቆም ሰው የለምና። ስለዚህ «የወደቀውን ተከትለህ አትግባ» የሚለው ትምህርት ከሰው ባሕርይ ጋር የሚጋጭ፣ በጸጥታ ጊዜ ደጋግሞ ካልተነገረ በጭንቅ ጊዜ የማይታወስ ትምህርት ነው። ይህን ለልጆቹ በየሥራው መጀመሪያ የሚደጋግም አባት አሰልቺ ቢመስልም የድርጅቱ እውነተኛ መሥራች እርሱ ነው።

የተነሣው ፍሳሽ ወዴት ይሂድ የሚለው ደግሞ ሌላው ፈተና ነበር። አዲስ አበባ እንኳ የቃሊቲ ማጣሪያዋን ያገኘችው በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ እንዲቀበል የተሠራው ያ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ወደሚያስተናግድ ደረጃ ያደገው ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ማጣሪያ በሌለበት የቆላ ከተማ ቀላሉ መንገድ በሌሊት ወንዝ ዳር መድፋት ነው። የአካባቢው ወንዝ ጓንግ ግን መድፊያ የሚሆን አይደለም፤ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፣ በበጋ ደግሞ ቁርጥራጭ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፣ በዚያን ጊዜ ሰውም ከብትም ከእርሱ ይጠጣል። የተረፈው ውሃ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ በመጨረሻም ናይልን ይቀላቀላል። መተማ ዮሐንስና ገላባት በአንድ ፈፋ ተለይተው የሚተያዩ ከተሞች በመሆናቸው፣ በአንዱ ዳር የተደፋው በሌላው ዳር የሚኖረውን ሰው ቤት ማንኳኳቱ አይቀርም። በአንጻሩ የቆላው ፀሐይ ያልተጠቀምንበት አጋር ነው። ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፈው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት፣ በስስ አሸዋና በጠጠር ንጣፍ ላይ የተዘረጋን ዝቃጭ በደጋ ከሚፈጀው በጣም ባነሰ ጊዜ ያደርቀዋል፤ ማድረቂያ ገንዳ የሚባለው አሠራር ይኸው ነው። የደረቀው ለረዥም ጊዜ ተከማችቶ ካልቆየ የወስፋት እንቁላል ስለማይሞትበት ወዲያው ወደ እርሻ መውጣት የለበትም፤ ይህም ከታላላቆቹ ክልከላዎች አንዱ ነው።

የእነዚህ ክልከላዎች ዋጋ በግልጽ የታየው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችና ከስደት ተመላሾች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገቡ፤ ለጥቂት ሺህ ሰው የተበጀች ከተማ መንገድ ዳር በሚያድር ሕዝብ ተሞላች፣ በኩመርና በኋላም በአውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። በዚያው ክረምት ማብቂያ ላይ በኩመር ኮሌራ ተነሣ። ኮሌራ እ.ኤ.አ. በ1854 ጆን ስኖው የተባለው የለንደን ሐኪም እንዳሳየው በውሃ የሚጓዝ፣ የአንዱን ሰው ፍሳሽ ወደ ሌላው ጽዋ የሚያመላልስ በሽታ ነው። ወረርሽኙን የሚያክመው ሐኪም ቢሆንም የሚያቆመው ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ የሞላውን የሚያነሣውና በትክክለኛው ቦታ የሚያደርሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ስጋት መካከል ሥራውን ሲሠራ የከረመ መሆኑን የዘመኑ ዘገባ ቢዘነጋውም ትዝታ ሊይዘው ይገባል።

ከታላላቆቹ መሣሪያዎች መካከል እስከ ዛሬ ከጥቅም ያልወጣ አንድ ነገር አለ፤ ጫፉ በነጭ ሻካራ ጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም ዘንግ። ዘንጉ በሴፕቲክ ታንኩ አፍ በኩል እስከ ወለሉ ድረስ ቀስ ተብሎ ይሰደድና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል፤ ዝቃጩ በጨርቁ ላይ ጥቁር ምልክቱን ይተዋል፣ ከላዩ ውሃው አሻራ ሳይተው ይወርዳል፣ የጥቁሩ ቁመትም የዝቃጩ ውፍረት ይሆናል። ዝቃጩና ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ተደምረው የታንኩን ጥልቀት ሲሶ ካልደረሱ መምጠጥ አያስፈልግም። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንጉን እንዲያነብ የሚፈቀድለት ደንበኛው ባለበት ነው፤ መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ነዳጁ ወጥቶ፣ ደንበኛው ሊከፍል እጁን ኪሱ ከትቶ ሳለ፣ ጨርቁን አይቶ «ገና ነው፣ አልሞላም፣ ለከርሞ ይጥሩን» ብሎ እንዲመልስ።